ብፌ ውስጥ የተቀመጠው ሴንሰር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አዲስ ዕቃ ቤታችሁ ሲገባ ምን ይደረጋል? ሶፋው ከነላስቲኩ ይቀመጣል። ሪሞቱ በፌስታል ይጠቀለላል። ጥሩ ጥሩው ብርጭቆ ብፌ ውስጥ ተቆልፎ እንግዳ ይጠብቃል። እኔ በዚህ ነገር አንጀቴ አርሯል። ለምን አትሉኝም?

መካነ ሰላም ውስጥ ባለች አንዲት የኑግ ዘይት መጭመቂያ ቦይለር የማነድ ሰው ነኝ። የእንፋሎቱ ቧንቧ የሚያልፈው በወንበሬ አጠገብ ነው። ዕድሜው ከእኔ አያንስም። ውስጡ በዝገት ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ አይታይም። እንለካው ቢባል መጀመሪያ አቁሞ ማቀዝቀዝ ሊኖር ነው፤ የመጭመቂያው ባለቤት ጋሼ እንድሪስ ደግሞ ሥራ ከሚቆም ትንፋሻቸው ቢቆም ይመርጣሉ። እኔ ቧንቧው ባፏጨ ቁጥር ልጆቼን አስባለሁ።

አንድ ቀን ኢንጂነሯ ልጃቸው ሐያት ከአዲስ አበባ መጣች፤ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሴንሰር ይዛ። አልትራሳውንድ ነው አለችን። ነፍሰ ጡር የሚያዩበት? አልኳት። የዚያ ዘመድ ነው፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ብረቱ ይልክና ብረቱ ምን ያህል እንደሳሳ ይናገራል አለች። ሌላው ሴንሰር ሙቀት ሲበዛበት ይሞታል፤ ይሄ ግን የጋለ ቧንቧ ላይ ውሎ ያድራል። እርሳስ የሚሉት መርዛማ ብረትም የለበትም፤ አርጅቶ ቢጣል እንኳ መሬት አይበክልም። ቧንቧው ላይ አሰረችውና፣ መብራቱ ቀይ ከሆነ አቁሙ ብላን ሄደች። ያን ቀን፣ ወላሂ፣ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ስገባ ሴንሰሩ የለም። ጋሼ ፈተውት ኖሯል። ይሄን የመሰለ ዕቃ እሳት ላይ ይጣዳል እንዴ? ቤት ብፌ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ አሉኝ። ለእሳት እኮ ነው የተሠራው ብላቸው፣ አሁን አዲስ ነው፣ ትንሽ ይቆይ አሉ። እንግዳ ሲመጣ አውጥተው ያሳያሉ፤ ከዚያ በጨርቅ ወልውለው ይመልሱታል። ሐያት ደውላ ዕቃው እንዴት ነው ስትል፣ ደህና ነው፣ ምንም አልነካው ይሏታል። ምን ልበል? ውሸት አይደለም። ስለምናቸው ከረምኩ፤ ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር የቀረኝ።

የፈራሁት አልቀረም። ለውኃ ሽንት ወጣ እንዳልኩ ቧንቧው ፈነዳ። ስመለስ ወንበሬ ፍልጥ ሆኗል። ጋሼ እየሮጡ መጡ። ቧንቧውን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩና አልሃምዱሊላህ አሉ። ለእኔ መስሎኝ ሆዴ ባባ።

"አየህ?" አሉኝ፤ "እዚያ ብተወው ኖሮ ዕቃው ይሄኔ አልቆለት ነበር።"