አሥራ ሁለት ብርቱካንና የሕፃናት አእምሮ

ሳይንስ በናዝሬት ከተማ፣ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ፣ በአንዲት ጀንበር የተቀዳጀው ድል ሳይወሳ እንዳይቀር ይህ ተጻፈ።

አዲሱ መዋዕለ ሕፃናት ልጅ የሚቀበለው የማየት፣ የመንቀሳቀስና የማሰብ ዕድገቱ ተመርምሮ ነው ተባለ። ከበላይ አካል ቅጽ መጣ፤ ከቅጹ ጋር ከመንግሥት እርሻ አንድ ቅርጫት ብርቱካን መጣ። ቅጹ «ሕፃኑ ብርቱካኖቹን ይቁጠር። ትክክለኛ መልስ፦ አሥራ ሁለት» ይላል። ቅጽ አይሳሳትም፤ ቢሳሳት የሚሳሳተው ብርቱካኑ ነው።

መርማሪ ኮሚቴው ተሰየመ፦ ሊቀመንበሩ ጓድ አብተው፣ ጸሐፊው ጓድ ሰብስቤና መምህርት ዘመናይ። እጅን በራስ ላይ አሳልፎ የወዲያኛውን ጆሮ መንካት እንዴት እንደሆነ ጓድ አብተው ለልጆቹ ሊያሳዩ ሞክረው እጃቸው ግንባራቸው ላይ ቀረ። ጆሯቸው ዳተኛ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

የመጀመሪያው ልጅ አሥራ ሁለት ቆጥሮ አለፈ። ከዚያ ሙቀቱ በረታ፤ ኮሚቴውም ተጠማ። ሁለተኛው ልጅ አሥራ አንድ አለ፤ «አእምሮው በአንድ የዘገየ» ተብሎ ተመዘገበ። አራተኛዋ በሦስት ዘገየች። ዘጠነኛው አምስት ላይ ሲቆም ጓድ ሰብስቤ የናዝሬት ሕፃን ከከሰዓት ይልቅ ጠዋት ብልህ መሆኑን ለዓለም የሚያበስር ረቂቅ ጀምረው ነበር።

የቀረችው የአምስት ዓመቷ ዙለይካ ናት። እናቷ ዘሃራ ልጇን የምታውልበት ካላገኘች ሰኞ ከፋብሪካ እንደምትሰናበት ተነግሯታል። እናትና ልጅ ከማለዳ ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተራ ሲጠብቁ ውለዋል።

«የኔ ልጅ፣ ሲጠይቁሽ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ» አለቻት ዘሃራ። በዚያ ዘመን ለትልቅ ሰው እንኳ የማይሰጥ ምክር ነው።

«እስቲ ሚጡ፣ ስንት ብርቱካን አለ?» አሉ ጓድ አብተው አፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

«የቱ?»

«ሁሉም ነዋ።»

ዙለይካ ጣቶቿን ዘረጋች። «ቅርጫቱ ውስጥ አምስት። እርስዎ ሆድ ውስጥ ሦስት። ጋሼ ሆድ ውስጥ ሁለት። እትዬ ቦርሳ ውስጥ ሁለት።»

መምህርት ዘመናይ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። ጓድ ሰብስቤ ከልማድ ብዛት ደመሩት፤ አሥራ ሁለት መጣ። ልጅቷን መጣል ቅጹን መጣል ነው፤ ቅጹን መጣል ደግሞ የበላይ አካልን።

«አልፋለች» አሉ ጓድ አብተው ቀስ ብለው።

ዙለይካ በእናቷ እጅ ተንጠልጥላ ስትወጣ ስሌቱን በር ላይ ለሚያለቅሱት ነገረቻቸው። የወደቁት ስምንቱም ይግባኝ አሉ። የፊተኛው ገና «እርስዎ ሆድ ውስጥ...» ብሎ ሲጀምር ሁሉም በሙሉ ድምፅ አለፉ።

ሪፖርቱ በኮሚቴው ቆራጥ አመራር የቀበሌው ሕፃናት አእምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመንጥቆ ማደጉን አበሰረ። ለመጪው ዓመት ግን ፈተናው በጠጠር እንዲካሄድ ተወሰነ። ጠጠሩን ከሕፃናቱ የሚጠብቅ ዘበኛም ተቀጠረ።