ወለላ ከእንሰቱ ውስጥ እንዴት ወጣች

ልብ ብላችሁ ከሆነ በቪዲዮ ጌም ዓለም አንዲት ልጅ የግድ መጥፋት አለባት። ወይ ዘንዶ ይወስዳታል፣ ወይ ክፉ ንጉሥ ያስራታል፣ ወይ ደግሞ ምክንያቱ እንኳ ሳይነገረን ዝም ብላ የለችም። ልጅቷ ቤቷ አርፋ ብትቀመጥስ? ጀግናው ከአልጋው አይነሳማ! ገደል የሚዘለው፣ እሳት የሚሻገረው፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሮጠው ያ ሁሉ ጎረምሳ ሥራ ፈትቶ ይቀራል። እንግዲህ ያን የሚያህል የዓለም ጥበብ የቆመው በአንዲት ልጅ አለመጠንቀቅ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እኔ አክብሬ ብቻ ነው የተገኘሁት።

ሥራዬ ወልቂጤ ውስጥ ስልክ መጠገን ነው። ጌም መሥራት ያስተማረኝ ሰው የለም። ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝን እየደገምኩ፣ የገባኝን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ለደንበኛ እያስረዳሁ ነው የተማርኩት። ስክሪኑ የተሰበረበት ሰው የት ይሄዳል? ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል። ለእናንተም በአጭሩ ላስረዳ፦ ጌም ማለት «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚባል ትእዛዝ ክምር ነው። ጀግናው ውሻ ከነካ ይወድቃል፣ አጥር ጋ ከደረሰ ይዘላል፣ ልጅቷን ካገኘ ሙዚቃ ይነሳል። እንዲህ ያለ ታዛዥነት ሰው ላይ አይገኝም። እህቴ ላይማ ጭራሽ። እሷ ጋ እንደርሳለን።

የእኔ ጌም የሚያስቅ ጌም ነው፤ ቢያንስ ሐሳቡ እንደዚያ ነበር። ጀግናው ፈጠነ ይባላል። መርካቶ ካልሲና ቀበቶ የሚሸጥ የአገራችን ልጅ ነው። መስቀል ሲደርስ እንደ ወጉ ወደ ቤቱ ይመጣል። ከሚኒባስ ሲወርድ ጀርባው ላይ ፍራሽ፣ ብብቱ ሥር ትሪ፣ አንገቱ ላይ ጃንጥላ አለ። ጭቃውን እየተንሸራተተ፣ ከጎረቤት ውሻ እየሸሸ፣ ለበዓሉ የተገዛው በሬ እየወጋው ደጃፍ ሲደርስ ታናሽ እህቱ ወለላ የለችም። ጅብ ወስዶ ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ደብቋታል። ሊበላት አይደለም፤ የሚያስቅ ጌም ነው ብያለሁ። ቆጮ እንድትጋግርለት ነው።

እንሰት ላላየ ሰው፦ ሙዝ ይመስላል፣ ግን ፍሬ አይጠበቅበትም፤ ግንዱና ሥሩ ተፍቆ ነው ቆጮ የሚሆነው። ጉንችሬ፣ እኛ አገር፣ ቤት ማለት እንሰት መሃል ያለ ጣሪያ ነው። ከጓሮ የገባ ሰው ሰማይ የሚያየው በቅጠል ቀዳዳ ነው። አንዲትን ልጅ ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አለ? ሳስበው ራሴን አደነቅሁ።

የወለላ ሚና ምን ነበር? «ኧረ ድረሱልኝ!» ማለት። በቃ። ጌሙ ሲጀመር ትላለች፣ መሃል ላይ ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ስትገኝ ዝም ትላለች።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ቡታጅራ ሊካሄድ የታሰበው የወጣቶች የፈጠራ ሥራ ማሳያ ነው። ያሸነፈ ሰው አዲስ አበባ ተልኮ ክረምቱን በሙሉ ጌም መሥራት በአስተማሪ ይማራል ተባለ። በአስተማሪ! አስተማሪ ኖሮት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። ለእኔ ግን አስተማሪ ማለት ሲጠይቁት የሚመልስ ቪዲዮ ነው። ከዚያ ወዲያ ስልክ ስፈታ እንኳ የማየው አዲስ አበባን ሆነ፤ የአንድ ደንበኛ ስልክ ድምፅ ማጉያው ተገልብጦ ተገጥሞ በጆሮው ፋንታ በአፉ በኩል ሲያወራ ከርሟል።

የጎደለኝ የወለላ ድምፅ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጉንችሬ ሄጄ እህቴን ጽጌን ለመንኳት። ጽጌ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ አንደበቷ ግን ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ቆይቷል። ጓዳ አስገብቼ ስልኬን አፏ ላይ ደቀንኩ። የመጀመሪያውን ጮኸች፤ «ድገሚው፣ ዶሮ ገባበት» አልኳት። ሁለተኛውን ጮኸች፤ «ድገሚው፣ ሳቅሽ ገባበት» አልኳት። እንደገና ስላት ተናደደችና ከሆዷ አውጥታ ለቀቀችው። ያ ድምፅ እውነት ነበር። እውነት ከመሆኑ የተነሳ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ መጥረቢያ ይዘው አጥር ጥሰው ገቡ፤ እማዬ ደግሞ በማማሰያ ትከሻዬን አገኘችኝ። «ልጄን ምን አደረግሃት?» ስትል ስልኩ እየቀዳ ነው። እስከዛሬ ከሰማኋቸው ቅጂዎች ሁሉ ጥርት ያለው እሱ ነው፤ የማማሰያውም ድምፅ አለበት።

በማግሥቱ የእማዬ ውጆ እኛ ቤት ነበር። ውጆ የቅቤ ዕቁብ ነው በሉት፦ ሴቶቹ ቅቤ ያዋጡና ተራ የደረሳት ትወስዳለች፤ ለመስቀል ክትፎ ቅቤ የሚጠራቀመው እንዲህ ነው። የተሰበሰበ ሰው አግኝቼ ሳላስረዳ ልለፍ? ስልኩን አዞርኩላቸው። አንደኛው ችግር ጣታቸው ነው። በቅቤ የወዛ ጣት ስክሪን አይታዘዘውም፤ ፈጠነ ዝለል ሲሉት ቁጭ ይላል፣ ቁም ሲሉት ውሻው ላይ ይወጣል። «የእኔን ባል ነው የሚመስለው» አሉ አንዷ፤ ሳቁ ከዚያ ተጀመረ።

ከሴቶቹ ሁሉ በጌሙ ረጅም መንገድ የሄዱት እትዬ ዘነበች ናቸው። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ፈጠነን ደጃፍ ካደረሱት በኋላ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ለምን እንዳቆሙ ጠየቅኋቸው።

«ልጅቷን እየጠበቅሁ ነው» አሉ።

እሷ እንደማትመጣ፣ ሄደው ማዳን ያለባቸው እሳቸው እንደሆኑ አስረዳኋቸው።

«የት ነው ያለችው?»

«እንሰቱ ውስጥ።»

«የማን እንሰት?»

«የራሳቸው። ጓሯቸው ነው።»

እትዬ ዘነበች ስልኩንም እኔንም በእኩል ርኅራኄ አዩንና «ሲርባት ትወጣለች» አሉ።

ውጆው በሙሉ ፈነዳ። የሚያስቅ ጌም ሠርቼ ሰው ሲስቅ የከፋኝ ያን ቀን ነው። ጽጌ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ መጣችና ወለላ በዚያ ጓሮ ውስጥ ስትኮተኩት፣ ቅጠል ስትቆርጥ፣ ስትፍቅ አድጋ እንዴት እንደምትጠፋበት ጠየቀችኝ። «ደግሞ መንገድ የሚያሳያት ማን ነው? በዓመት አንዴ የሚመጣ ካልሲ ሻጭ?» ቀጥላም አስረዳችኝ፤ እኔን! እንሰት አንዴ ተተክሎ የሚረሳ ነገር አይደለም፤ እያደገ ሲሄድ እየተነቀለ ወደ ሌላ ረድፍ ይዛወራል። «ፈጠነ አምና የሄደበት መንገድ ዘንድሮ የለም። እዚያ ውስጥ የሚጠፋ ሰው ካለ እሱ ነው።»

«ጌም እኮ ነው» አልኳት። ይህ መልስ ያለቀበት ሰው መልስ ነው።

«እንግዲያው ጅቡ ይጩህልህ። የእኔን ድምፅ አውጣ።»

እማዬን አስታርቂን ብላት የጽጌን ድምፅ የወለደችው እሷ መሆኗን አስታውሳኝ ወደ ቅቤዋ ተመለሰች። ወልቂጤ ገብቼ ራሴ ጮህኩ። ሱቁን ዘግቼ፣ ጃኬት ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን አቅጥኜ። ስከፍት አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ፍየሉን ምን እያደረግኸው ነው?» አለኝ። ቡታጅራ የሚኬድበት ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው። አዲስ አበባ በአንድ «ኧረ ድረሱልኝ» ልትቀርብኝ ነው? ለጽጌ ደወልኩና እጄን ሰጠሁ።

ጽጌ ምሕረት የሚባል ነገር አታውቅም። ታሪኩን ከሥሩ ነቅላ ሌላ ረድፍ ላይ ተከለችው። በአዲሱ ታሪክ ጅቡ ወለላን ይዞ እንሰቱ ውስጥ ይገባል፣ ይጠፋበታል፣ ወለላ ትታው ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ፈጠነ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ከነፍራሹ ሊያድናት ገብቷል። ጠፋ። ውሻው ፈጠነን ተከትሎ ገባ፤ ጠፋ። የሚኒባሱ ረዳት የተረሳ ጃንጥላ ሊያቀብል ገባ፤ እሱም ጠፋ። እንግዲህ ክትፎው ሳይቀርብ ወለላ ይህን ሁሉ ጀግና አንድ በአንድ ለቅማ ማውጣት አለባት። ተጫዋቹ የሚያዘው ወለላን ነው። «ኧረ ድረሱልኝ!» የሚለው ፈጠነ ሆነ፤ ድምፁም የእኔ፣ ያ የፍየሉ። ጽጌ ሰምታው ፊቷን አጨማደደች። «የጠፋ ሰው አይመስልም። የምትጮኸው እያስረዳህ ነው» አለች።

የወለላን ንግግር በሙሉ ያወጣችው ራሷ ናት። ፈጠነን ስታገኘው «ጋሼ፣ መርካቶ የማትጠፋ ሰውዬ እዚህ ምን ነካህ?» ትለዋለች። ጅቡን ስታገኘው ደግሞ ትንሽ ታስብና «አንተም እንግዳ ነህ፤ ከኋላ ተሰለፍ። ማንንም እንዳትነክስ» ትለዋለች። ጅቡ ይሰለፋል። እኔ ይሄ አያስቅም ብዬ ተከራክሬ ነበር።

ከጽጌ ጋር ቡታጅራ ስንደርስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከእኛ በፊት የቀረበው ልጅ በራሱ የሚያጠጣ የአትክልት ቧንቧ ሠርቶ ዳኞቹን አጠጣቸው። ከዚያ እኔ ወጣሁ። ትእዛዝ ምን እንደሆነ፣ ፈጠነ ሲዘል ለምን ተመልሶ መሬት እንደሚወርድ፣ የጅቡ ጅራት ለምን ዘግይቶ እንደሚከተል አስረዳሁ። መነጽር ያደረጉት ዳኛ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አጠገባቸው ያለው ዳኛ ግን አንገቱን ደፍቷል፤ ተኛ ብዬ ሳዝን ለካ በሰጠኋቸው ስልክ ጌሙን ሲጫወት ነው። በድንገት ከት ብሎ ሳቀ። ስክሪኑን አጠገቡ ላሉት ባለ መነጽር አሳየ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከኋላ የነበረው ሰው ተጠጋ። ጅቡ ተሰልፎ ነበር።

«ጅቡ ይሰለፍ ያለው ማነው?» ብለው ባለ መነጽሯ ጠየቁ።

ጥያቄው ሰፊ ማብራሪያ የሚፈልግ ስለመሰለኝ አየር ሳብኩ። ጽጌ ከኋላዬ «እኔ» አለች። በዚያች ቅጽበት አዳራሹ ውስጥ የተሰጠው ማብራሪያ ይኸው ነው።

አሸነፍን። የስልጠናው ዕድል ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ በትሕትና ነገሩኝ፦ እኔ ያለ አስተማሪ ይህን ያህል መማር እንደሚቻል በራሴ አሳይቻለሁ፣ ስለዚህ አስተማሪ የሚያስፈልገኝ አይመስልም፤ ታሪክ የምታወጣዋ ልጅ ግን ብትማር ትልቅ ቦታ ትደርሳለች። አያችሁ? ማብራሪያዬ ከመጠን በላይ ጥሩ ነበር። ሲያስረዱኝ ጥሩ አድርገው ነው ያስረዱኝ፤ የማስረዳታቸው አካሄድ ራሱ ደስ ይላል።

አላዘንኩም። በመልስ ጉዞ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሳይ ብቻ ነው የመጣሁት። ጽጌ የምትማረውን ሁሉ በስልክ እንደምትነግረኝ ቃል ገባችልኝ፤ ነገረችኝም። ስለዚህ ሲጠይቁት የሚመልስ ቪዲዮ በመጨረሻ አገኘሁ፤ ካርድ ሲኖረው ብቻ ነው የሚመልሰው።

መስቀል ደረሰ። እማዬ ክትፎ የሚቀርብበት የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ፣ ቆርጠህ ና ብላ ቢላ ሰጠችኝ። ጽጌ ዛሬ ትገባለች፣ ቶሎ በል አለችኝ። ገባሁ። አምና እዚህ ጋ አንድ ጠማማ እንሰት ነበር፤ እሱን ይዤ ወደ ግራ እታጠፋለሁ። ጠማማው የለም። እኔ ወልቂጤ ስልክ ስፈታ ረድፉ በሙሉ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሄዷል። ቅጠሌን ቆርጬ ስዞር የመጣሁበት መንገድ የለም። ወደ ፊት ስሄድ እንሰት፣ ወደ ኋላ ስመለስ እንሰት፤ ቤቱ ቅርብ ነው፣ የትሪ ድምፅ ይሰማኛል፣ ግን የሚሰማኝ ከሁሉም በኩል ነው። እጣራለሁ እንዳልል ግቢው የውጆ ሴቶችን ይዟል። ክብሬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ከሩቅ የሚኒባስ ጡሩምባ ሰማሁ። ቀጥሎ እልልታ። የእማዬን ድምፅ ለየሁት፤ «ወንድምሽ ኮባ ሊቆርጥ ገብቶ ቀረ» ትላለች። ሰው ይመጣል ብዬ ተነሳሁ። እትዬ ዘነበች መለሱ፤ «ተዪው፣ ሲርበው ይወጣል።»

ማንም አልመጣም። መሸት ማለት ጀመረ። ከዚያ ከኋላዬ ቅጠሉ ኮሽ አለ፤ አንድ ከባድ ነገር ተነፈሰ። በኋላ እንደተረጋገጠው ጥጃ ነው። በዚያን ሰዓት ግን የጌሙን ታሪክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ምንም ሳላስረዳ፣ ከሆዴ አውጥቼ ጮህኩት፦

«ኧረ ድረሱልኝ!»

ሁለት ረድፍ አልፎ ቅጠሉ ተገለጠ። ጽጌ የአዲስ አበባ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ስልኳን ወደ እኔ ዘርግታ ቆማለች፤ በሌላኛው እጇ አፏን ይዛለች።

«አሁን ገና የጠፋ ሰው መሰልክ» አለችኝ። «ድገመው፣ ሳቄ ገባበት።»