ጭስ የለመደ ጉጠት

ከሁሉ በፊት ስለ እጅ ጽሕፈቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዶሮ የጫረችው አመድ ይመስላል ይሉኛል፤ ዶሮዋ እንኳ ስትጭር ጥሬ ታገኛለች። ሀሌታውን ከሐመሩ እየቀላቀልኩ ነው ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት፤ ያውም ከመጨረሻው ወንበር ላይ አቀርቅሬ። መምህሩ ጥያቄ ሊጠይቅ ሲዞር እርሳሴ ለምን ከእጄ እንደሚወድቅ ዓይን አፋር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

ዓይን አፋር ሰው ግን አንድ ጥቅም አለው። ተናጋሪው የሚለውን ሲያሰናዳ እሱ ያያል። ችግሩ፣ ያየውን ለማን ይናገር? አንዲት ልጅ ለአጎቷ "ተሳስተሃል" ከምትል ሞቃቷ ከተማችን ቆቦ ላይ በረዶ ቢጋገር ይቀላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እኔ ብዙውን ቃል ከጥርሴ ሳያልፍ እውጠዋለሁ። እስካሁን የጎዳኝ ቃል የለም፤ ሆዴ ግን ሞልቷል።

አጎቴ እንድሪስ ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ የጠርሙስ ዶቃ ይሠራል። የተሰበረ የሽቶና የለስላሳ ጠርሙስ በጋዝ እሳት እንደ ማር እስኪለዝብ ያቀልጥና ጭቃ በተቀባ ሽቦ ላይ ይጠቀልለዋል። ከዚያ ሁለት የነሐስ መንጋጋ ባለው ጉጠት ጭምቅ ያደርገዋል። መንጋጋዎቹ ውስጥ የቅጠል ቅርጽ ተቀርጿል፤ ጉጠቱ ሲከፈት ደም ሥሩ ሳይቀር የሚታይ ቅጠል ይወጣል። ቅጠሉ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀበራል። ጉጠቱን የቀረጸው አጎቴ ራሱ ነው፤ ለሚስቱ እንኳ እንደዚያ አይሳሳም። የእኔ ሥራ ክር ማስገባት ነበር። እሳት የሴት ነው የሚባለው ድስት እስከተጣደበት ድረስ ነው፤ የጋዝ ሲሊንደር ከተገጠመለት የወንድ ይሆናል።

አንድ ቀን እትዬ ከድጃ ከዋጃ መጥተው ለሙሽራ ልጃቸው አረንጓዴ ቅጠል ያለው የአንገት ዶቃ አዘዙ። አጎቴ በደስታ ጀመረ። ጠዋት የጨመቃቸው ግን ከአመዱ ሲወጡ ተሰነጣጠቁ። በማግሥቱም እንዲሁ። እትዬ ከድጃ ሊያዩ ሲመጡ አንዱን አንስተው ጥርሳቸው ላይ ኳ ኳ አደረጉት። ፕላስቲክ አለመሆኑን እናቶች የሚያረጋግጡት እንደዚያ ነው። ዶቃው አፋቸው ላይ ለሁለት ተከፈለ።

"እንድሪስ፣ ልጄን የምድረው በስባሪ ነው?"

"ዓይን ነው እትዬ! የዚህ መንገድ ሰው ዓይኑ ክፉ ነው።"

"የቆቦ ሰው ዓይኑ ያለው የቲማቲም ዋጋ ላይ ነው። አንተን ማን ያይሃል?"

አጎቴ ግን አልተሸነፈም። ጠዋት መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ዶቃው ይሰነጠቃል። ከሰዓት ሰው ከፀሐይ ሲሸሽ ዶቃው ደህና ይወጣል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀለ። ድሮ በእሳት የሚሠራውን ሰው ቡዳ ነው እያሉ ይሸሹት ነበር፤ አሁን ባለእሳቱ ራሱ ከመንገደኛ ዓይን ተሸሸገ። ተራ በተራ ነው።

"ይሄም ከተሰነጠቀ ሲሊንደሩን ሸጬ ባጃጅ እነዳለሁ" አለኝ። እሱ ባጃጅ ይነዳል፤ እኔስ? አክስቴ እኔን ሳዑዲ የሚልክ ደላላ ካነጋገረች ሰንብታለች።

እኔ ያየሁት ሌላ ነበር። አጎቴ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግዶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጨምቃቸውም ይሰነጠቃሉ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ጥፋቱ ሥራ ሲቆም የሚቀዘቅዘው ጉጠት ነው! የጋለ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ነሐስ ሲነካው ይደነግጣል። ግን እናንተው ፍረዱ፤ በቆቦ ሙቀት ቀዝቃዛ ነገር አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? እዚህ የጥላ ውሃ እንኳ ለብ ያለ ነው።

እንዴት ልንገረው? መሬት መሬቱን እያየሁ፣

"አጎቴ፣ ዓይን ከሆነ ጉጠቱን ብናጥነውስ?" አልኩ።

"በምን?"

"ለዓይን የሚሆን አውቃለሁ።"

"ቢስሚላህ ብለሽ አምጪዋ! እስካሁን ምን ዘጋሽ?"

ጓዳ ገብቼ እጄ የደረሰበትን ዘገንኩ፤ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። ፍም ላይ በተንኩት፣ ጉጠቱንም ከላዩ አስቀመጥን። "ጠብ የተደረገበት ውሃ ቺስ እስኪል ካልጋለ ጭሱ አይዘልቀውም። ሰግደህ በተመለስክ ቁጥርም ይደገማል" አልኩት። በሕይወቴ ያንን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም።

በዚያ ቀን አንድም አልተሰነጠቀም። እትዬ ከድጃ ሁሉንም ጥርሳቸው ላይ አንኳኩተው "ማሻ አላህ፣ እጅህ ይባረክ" አሉ። አጎቴ በኩራት ወደ እኔ ጠቆመ፦ "ጭሱ የእሷ ነው።" ከዚያ ወዲህ "ጭስ የምታውቅ እሳት አያቅታትም" ብሎ እሳቱ ላይ አስቀመጠኝ። ደላላውም ሲመጣ የመለሰው እሱ ነው። ባለብየዳው ጎረቤታችን የመድኃኒቱን ስም ሊለምነኝ ሁለት ጊዜ መጥቷል። አቀረቀርኩ። ዓይን አፋርነት እዚህም ይጠቅማል።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልናገርና ላብቃ። አጎቴ ሮቢት ገበያ የሚሄድ ቀን ብቻዬን እሠራለሁ። ጉጠቱን አግለዋለሁ፣ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ቺስ ይላል። በቃ፣ ደርሷል፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ ከእኔ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም። ከዚያ ማንም እንዳላየኝ በመጋረጃው ቀዳዳ አረጋግጥና አንድ ቁንጥጫ የሽንኩርት ልጣጭ ፍሙ ላይ ጣል አደርጋለሁ።