ልብ ነው የተባለው ቃር

የእኛ ሰው ሕመሙን ሳይናገር ለሕመሙ ስም ያወጣለታል። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብትሉት «ልቤን» ይላችኋል። «እንዴት ነው የሚያደርግዎት?» ስትሉት ደግሞ «ልቤን ነው አልኩ እኮ!» መቼ እንደሚጀምረው፣ ምን ሲበላ እንደሚብስበት፣ ጋደም ሲል ይሁን ሲቆም፣ ያ ሁሉ ለእሱ ተራ ወሬ ነው። እኔ ዘንድሮ ከዚህ ጸባይ ጋር ስታገል ከርሜያለሁና ብማረር አትፍረዱብኝ።

አጎቴ ጋሽ ዘውዴ ሁሩታ ነው የሚኖሩት። ገብስና ስንዴ ያርሳሉ፤ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ሐኪም ቤት ለሌላ ሰው የተሠራ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን፣ አሰላ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ደወሉልኝ። «አልማዝ፣ ልቤ ነው። አልቆይም። እሁድ ነይ፣ ከቱፋ ጋር ልታረቅ ነው።»

ኦቦ ቱፋ የእርሻ ጎረቤታቸው ናቸው። በአንዲት ጠባብ የድንበር መሬት ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ለቅሶ እንኳ የሚደርሱት በየተራ ነበር፣ እንዳይገናኙ። እሁድ ስደርስ ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፤ አጎቴ ደረታቸውን ይዘው «መሬቷን ውሰዳት፣ ይቅር በለኝ፣ እኔ ሟች ነኝ» ይላሉ። ኦቦ ቱፋ አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ!

በማግስቱ እየጎተትኩ አሰላ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሟ «ምን ይሰማዎታል አባቴ?» አለቻቸው። መንገዱን ሙሉ ሲያቃስቱ የመጡት ሰው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አይሉላችሁም!

ደሜ ፈላ። «አጎቴ፣ ለእኔ የነገሩኝን ይንገሯት እንጂ!»

በስንት ልመና አንድ በአንድ ወጣ። ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ ደረታቸው መሃል ያቃጥላቸዋል። ጫማ ለማሰር ሲያጎነብሱ ጎምዛዛ ውሃ ጉሮሯቸው ድረስ ይመጣል። ጉንፋን ሳይዛቸው ደረቅ ሳል ያስላቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ድምፃቸው ይሻክራል። ቀና ብለው ሲቀመጡ ግን ይቀልላቸዋል።

ሐኪሟ «በዚህ ዕድሜ የደረት ሕመም እንዲሁ አይታለፍም» ብላ ልባቸውን በመሣሪያ አየች፤ ደምም አስመረመረች። ከዚያ ፈገግ አለች። «ልብዎ ደህና ነው። ይሄ ቃር ነው፤ የጨጓራዎ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው የሚያቃጥልዎት።» መድኃኒት አዘዘችላቸው። ቅባትና በርበሬ እንዲቀንሱ፣ እራት በጊዜ እንዲበሉ፣ እንደበሉም እንዳይተኙ መከረቻቸው።

እልል የሚሉ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«ቃር?» አሉ በሩ ጋ ስንደርስ። «እኔ መሬቴን የሰጠሁት በቃር ነው?»

እስከ ሁሩታ «በቃር!» እያሉ ሲያጉረመርሙ መጡ። ይቅርታውን መልሱልኝ ሊሉ ነው ብዬ በሰቀቀን አለቅሁ። ኦቦ ቱፋ ግን ለቤት ደውዬ የነገርኩትን ቀድመው ሰምተው ደጅ ላይ ይጠብቁን ነበር። አጎቴን አቅፈው «እንኳን ተረፍክልኝ! መሬቷን አብረን እንዘራታለን» አሏቸው። አጎቴም መልሰው አቀፏቸው። ነገሩ በዚሁ አለቀ ብዬ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። «አልማዝ፣ እንደገና ያቃጥለኝ ጀመር።»

«ምን በሉ?»

«ያው የተገኘውን ነዋ።»

«አጎቴ! ምን በሉ?»

«ጭኮ» አሉ ቀስ ብለው። ጭኮ ማለት እንግዲህ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት ነው፤ ከገብሱ ቅቤው ይበልጣል። «ቱፋ በየቀኑ ያመጣልኛል። በስንት ዓመታችን ታርቀን የሰውየውን ምግብ ብመልስበት ምን ይለኛል?»

ምን ልበላቸው? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?

«እሺ፣ በጣም ትንሽ ይቅመሱለት» አልኩ ተስፋ ቆርጬ። «ከበሉ በኋላ ግን እንዳይተኙ። ቁጭ ብላችሁ አውጉ።»

«ምን እናወጋለን? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱን ስሰድብ ነው የከረምኩት!»

«እሱን ያውጉታ!»