ከሰርጉ በኋላ ያለው ካርቱን

በግ የጠፋበት ሰው ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካርቱን የጠፋበት ሰው ግን ቤቱ ተቀምጦም አልተመለሰም። ይህ ዓይነቱ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ልጅ አድርሷል፣ የደም ግፊት ክኒን ይውጣል፤ አዲስ ሰው ሲተዋወቅ ግን ስሙን ከጠየቀ በኋላ የሚጠይቀው፣ በልጅነቱ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ምን ያይ እንደነበር ነው።

በዮርዳኖስ፣ በዘርቃ ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሙንዚር ናቸው፤ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ የቁተይባ አባት፣ የፊርያል ባል። ክቡርነቱን የሰጠቻቸው ሚስታቸው ናት። «ክቡርነትዎ፣ ምሳ ቀርቧል» ትላለች ከማእድ ቤት። እሳቸውም በክብር «መጣሁ» ይላሉ፤ አይመጡም። ስልካቸው ላይ ከአልጄሪያ፣ ከኩዌትና ከባስራ የተሰበሰቡ መሰሎቻቸው አሉ፤ አንዱ የመክፈቻ ዘፈን ይፈልጋል፣ አንዱ ለአንዲት ቀበሮ ድምፅ የሰጠችው ሴት ማን እንደሆነች ይጠይቃል፣ ሌላው ሁለቱንም ይሰድባል።

መጀመሪያ ላይ ፊርያል ነገሩን ለማስቆም ሞክራ ነበር። እነዚህ የጃፓን ካርቱኖች እንደሆነ በየስልኩ ሞልተዋል፤ ታዲያ ምን ጠፋ? ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ለደካማ ተማሪ እንደሚያስረዳ መምህር፣ «ሥዕሉ የትም ይገኛል። የጠፋው ድምፁ ነው» አሉ። ያኔ በዐረብኛ ድምፅ ያለበሷቸው ሰዎች አርጅተዋል፤ ካሴቶቹ ተሰርዘዋል፣ ተጥለዋል፣ ሌላ ነገር ተቀድቶባቸዋል። ፊርያል ይህን አባባል ከዚያ ወዲህ የሰማችው በየሰፈሩ እየዞረ ጋዝ የሚሸጠውን መኪና ሙዚቃ በምትሰማው ልክ ነው፤ ማለትም በየቀኑ፣ ሳትጠይቅ።

የካርቱኑ ዐረብኛ የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው፤ ገበያ ላይ ማንም አይናገረውም። ክቡርነታቸው ግን ሲቆጡ ሌላ ቋንቋ አይመጣላቸውም። አንድ ጊዜ የታክሲ ሹፌር መስኮቱን ዘግቶ ሲያጨስባቸው ጣታቸውን ቀስረው፣ «አንተ ሰው ሆይ! ትዕግሥቴ ወሰን አለው፤ ወዮልህ!» አሉት። ፊርያል ከኋላ ሆና መሬት ብትውጣት በወደደች። ሹፌሩ መኪናውን ዳር አቆመ፤ ዞሮ አያቸው፤ ከዚያ «ይሄን የሚለው ባለ አንድ ዓይኑ የመርከብ አዛዥ አይደለም እንዴ?» አለ። ሌላው ተሳፋሪ እየተነጫነጨ፣ ሁለቱ ስለ አንድ ዓይናው አዛዥ ሲያወሩ መንገድ ዳር ተቆመ። ሲጋራውንም ሁለቱም ረሱት።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ይባስ። የፊርያል አጎት የሞቱ ጊዜ ክቡርነታቸው እንደ ደንቡ ተቀመጡ፣ የፋቲሓን ጸሎት አደረሱ፣ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደ ሟች ልጅ ጠጋ ብለው በሐዘን ድምፅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና አባትህ ከቴሌቪዥን ይቀዱ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ልጁ አባቱን እንዲህ ያሰበለት ሰው በማግኘቱ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ካሴትም አሸከማቸው። እግር ኳስና የፓርላማ ንግግር ነበር። ክቡርነታቸው ሁሉንም አዩት። በሁለት ንግግር መካከል ካርቱን ሊሸጎጥ ይችላላ!

የዚህ ሁሉ መድረሻ አንድ ክፍል ነው፤ የ«ፋኖሱ ልጅ» የመጨረሻ ክፍል። ወሲም የሚባል ልጅ ባሕር ዳር ባለ የመርከብ መብራት ማማ ውስጥ ይኖራል፤ ማታ ማታ ፋኖሱን እያበራ በመርከብ ሄዶ የቀረውን አባቱን ይጠብቃል። ሌሎቹ ክፍሎች ከነዐረብኛ ድምፃቸው ተገኝተዋል። የመጨረሻውን ግን ከክቡርነታቸው በቀር አየሁ የሚል ሰው የለም። የፊርያል ወንድም ሐቲም፣ ፋርማሲስቱ፣ ከነጭራሹ በዐረብኛ አልተሠራም ባይ ነው። በየበዓሉ ማእድ ላይ፣ ሥጋው ከሩዙ ላይ ሳይነሳ፣ «አቡ ቁተይባ፣ ያን ሕልምህን እስቲ ንገረን» ይላል። ቤቱ በሳቅ ያልቃል።

ፊርያልም ትስቅ ነበር። ምክንያቱን እስክትሰማ ድረስ።

የሙንዚር አባት ከዐቀባ ወደብ ባግዳድ የሚመላለሱ፣ ቀናቸው ጉምሩክ በር ላይ በመቆም የሚያልቅ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ቤት ሲመጡ ይተኛሉ፤ ሲነሱ ይሄዳሉ። አንድ ከሰዓት ግን መኪናው ጋራዥ ገብቶ ከልጃቸው ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጡና ያን ክፍል አብረው አዩ። የወሲም አባት ከመርከብ ወርዶ አንድ ነገር ተናገረ። የሙንዚር አባት ያን ሰምተው «ይሄ ሰውዬ ጉምሩክ አላገኘውም ማለት ነው» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባቱ ሲስቁ ያየው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ መንገድ ላይ ቀሩ። ሙንዚር ሳቁን ያስታውሳል፤ ያሳቃቸውን ቃል ግን ዘንግቶታል። ሐቲም እንደሚለው ክፍሉ ከሌለ፣ ያ ከሰዓትም የለም ማለት ነው። ባለፈው በዓል እንግዳው ከሄደ በኋላ ክቡርነታቸው ሳህን እያቀበሏት፣ ቀስ ብለው፣ «ምናልባት ሐቲም ልክ ይሆን?» አሉ። ፊርያል ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር መሳቅ አቃታት። ባልዋን መልሳ ማግኘት ትፈልጋለች፤ ግን እንዲህ ተሸንፎ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ከሰልጥ ከተማ አንድ ወጣት የጻፈላቸው። አጎቱ ሐጅ ዙህዲ ቤት በአክስቱ የሰርግ ካሴት መጨረሻ ላይ ካርቱን አለ፤ ልጅ ሆኖ አይቶታል፤ አንድ ልጅና አንድ ፋኖስ። ክቡርነታቸው ጫማቸውን በተቃራኒ እግር አጥልቀው ተነሱ። ባዕድ ቤት ያለ ሚስት መሄድ አያምርም ብለው ፊርያልንም ጫኗት።

ሐጅ ዙህዲ ጢማቸው የተከበረ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳውን እንደ ወጉ ተቀበሉ፤ መራራው ቡና በትንሿ ፍንጃል ተቀዳ። ክቡርነታቸው ፍንጃሏን ተቀብለው ሳይቀምሱ ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡናውን ሳይጠጣ ያስቀመጠ እንግዳ ጉዳይ ይዞ መጥቷል፤ ልጅ ሊያጭ ወይ ደም ሊያስታርቅ ነው፤ ባለቤቱም ክብር ካለው እሺ ሳይል አያድርም። ለካርቱን ፍንጃል ያስቀመጠ ሰው ግን ከክቡርነታቸው በፊት አልተሰማም። ሐጅ ዙህዲ ልባቸው ደነገጠ፤ ያላገባች አንዲት ልጅ ቀርታቸዋለች፤ የሰውዬውንም መላጣ አዩት። ቢሆንም ወግ ወግ ነው። «ቡናህን ጠጣ፤ የመጣህበት ጉዳይ ተፈጽሞልሃል» አሉ።

ክቡርነታቸው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡና «የእህትዎን የሰርግ ካሴት» አሉ።

ይህን ፊርያል ከሴቶቹ ክፍል ሆና ሰማችው። የሴቶቹ ድግስ ካሴት ነዋ! የዚያ ቤት እናቶችና እህቶች ሻርፕ ጥለው፣ ፀጉራቸውን ለቀው፣ ክንዳቸውን ገልጠው የጨፈሩበት ነው፤ ባዕድ ወንድ እንኳን ሊያየው ስሙንም አያነሳውም። ክቡርነታቸው ይህን አላሰቡትም። ለእሳቸው ሰርግ ማለት ከካርቱኑ በፊት የገባ ነገር ነው።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ ሐጅ ዙህዲ። «እህቶቼን ግን አልሰጥም።»

ቃላቸውን ቢያጥፉ ውርደት፤ ቢሰጡ ውርደት። ክቡርነታቸው ይቅርታ ጠይቀው ብድግ እንዳይሉ፣ ጠጥተውታል፤ የተጠጣ ቡና አይመለስም። ሁለቱ ወንዶች ምንጣፉን ሲያዩ፣ የሐጅ ዙህዲ ሚስት ሐጃ ፈውዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ተናገሩ። «ቃሉ የተሰጠው ለቤቱ ነው አይደል? ሚስቱ ትይለት።»

«እኔ?» አለች ፊርያል። ከነዚያ ካርቱኖች አንዲት ደቂቃ ላታይ የማለች ሴት ናት።

እንዲህ ሆኖ የዘርቃዋ ፊርያል በማታውቃቸው ሴቶች መካከል፣ የማታውቀውን ሰው ሰርግ ለማየት ተቀመጠች። ዴኩ ከቁም ሣጥን ወጣ፣ አቧራው ተጠረገ። ወደፊት የሚያስኬደው ቁልፍ ስለተሰበረ ካሴቱ ከመጀመሪያው መታየት ነበረበት። ሙሽራዋ ናዕማት ራሷ፣ አሁን ጉልበቷን የሚያማት አያት፣ ከሶፋው ላይ ሆና ታስተናግዳለች።

«ያቺን እያት፣ በሰርጌ ከኔ የበለጠ ወርቅ አጥልቃ የመጣችውን።»

«ሞታለች እኮ፣ ናዕማት» አሉ ሐጃ ፈውዚያ።

«አላህ ይማራት። ወርቁ ግን የተዋሰችው ነው።»

እልልታው በመጣ ቁጥር ግድግዳውን አልፎ ወንዶቹ ክፍል ይገባል፤ ሐጅ ዙህዲ ዓይናቸውን ወደ መሬት ይሰብራሉ፤ ክቡርነታቸውም አብረው ይሰብራሉ። ፊርያል ይህን በኋላ ስትሰማ ያኔ ባለማየቷ ቆጭቷታል።

ሰርጉ በድንገት ተቆረጠና ባሕር መጣ። ናዕማት ሳቀች፤ ባሏ ቀሪው ካሴት ባክኖ እንዳይቀር ብሎ ለትናንሽ ወንድሞቿ የቀዳው ነው። ፊርያል ልትቀዳው ስልኳን ስታነሳ ሐጃ ፈውዚያ እጇን ያዟት፤ በቴሌቪዥኑ መስታወት የሴቶቹ ጥላ ይታያል! ካሴቱ ቆመ። ሁሉም ተነስተው የሶላት ልብሳቸውን ለብሰው ተሸፋፍነው ተመለሱና፣ መስገጃ ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ካርቱን በዚህ ክብር ታይቶ አያውቅም።

ወሲም ማማው ላይ ነበር። ፋኖሱ ይንቦገቦጋል፤ መርከብ ይጠጋል። ጢማም ሰው ወረደ፣ ልጁ ደረጃውን እየዘለለ ሮጠ። ሰውዬውም በዚያ በማንም አፍ በሌለ የመጽሐፍ ቋንቋ፣ «ልጄ ሆይ፣ ባሕሩ ሰፊ ነበር፤ ብርሃንህ ግን መንገዱን አሳጠረልኝ» አለ። ናዕማት በሶላት ልብሷ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና «ሰርጌ ይሻል ነበር» አለች። ሐጃ ፈውዚያ ስልኩን ተቀብለው የሴት ክንድ እንዳይኖርበት ደግመው መረመሩና ፈቀዱ።

መኪና ውስጥ ፊርያል ስልኩን ሰጠችው። ክቡርነቱ እዚያ ላይ አበቃ፤ የቀረው ሙንዚር ብቻ ነው። ሥዕሉን አላየውም፤ ስልኩን እንደ ጥሪ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማ። «መንገዱን አሳጠረልኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሚስቱ የሚያለቅስ መስሏት ነበር፤ እየሳቀ ነው።

«ጉምሩክ» አለ፣ መናገር እያቃተው። «ፊርያል፣ ጉምሩክ አላገኘውም!»

ከዚያ አለቀሰ።

ሐቲም በሚቀጥለው ዓርብ መጥቶ ሰምቶ ዝም አለ፤ ለሐቲም ይህ ትልቅ ይቅርታ ነው። ከአልጄሪያ እስከ ባስራ ምርቃት ዘነበ። ፊርያልም እፎይ አለች፤ ባሏ ተመለሰላት።

መመለሱ ግን ሌላ መዓት ሆነ። ምሳ ሲባል ወዲያው ይመጣል። ማእድ ቤት ገብቶ ሩዙ ውሃ በዝቶበታል ይላል። የቅመማ ቅመሙን ብልቃጦች በቁመት ደረደራቸው። በመስኮት ሆኖ የጎረቤቱን ልብስ አሰጣጥ ይተቻል። ሲመሽ ደግሞ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ባዶ ግድግዳ ያያል፤ ስልኩ ጎኑ ላይ ይጮኻል፣ አያነሳም። ጡረታ የወጣ ዳኛ ይመስላል። ፊርያል ሰው ሲሟሽሽ ታውቃለች፤ አባቷም ሱቃቸው የተዘጋ ጊዜ እንዲህ ነው የጀመራቸው።

አንድ ቀን ምስር እየለቀመች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ፣ አንድ ነገር ልትነግረው እንደሆነ፣ ከሳቀባት ግን ራቱን ራሱ እንደሚሠራ አስጠነቀቀችው። ልጅ ሆና ትምህርቷን አቋርጣ ልብስ ስፌት ቤት ገብታ ነበር፤ ከሰዓት ከሰዓት ሌሎች ልጆች ቴሌቪዥን ሲያዩ እሷ ቁልፍ ትተክላለች። ፊት ለፊቷ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ጀርባ የጎረቤት ቤት ነበር። እዚያ አንድ ካርቱን ይከፈታል፤ አንዲት አሮጊት ለአንዲት ዝይ ስለ በረዶ ታወራለች፣ ከዚያ ዘፈን አለ። በጆሮዋ ነው የተከታተለችው። ከዚያ ሰዎቹ ለቀቁ። ዝይዋ አገሯ ትግባ አትግባ እስከ ዛሬ አታውቅም። ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ እሱንም ያገባችው ፍለጋውን ሳታውቅ ነው፤ ካወቀች በኋላ ደግሞ ብትናገር እንደማይለቃት ገብቷት ዋጠችው።

ሙንዚር ቀስ ብሎ ቀና አለ። «የትኛው ጣቢያ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሥዕሉን ጨርሶ አላየሽም?»

«ግድግዳ ነው ያየሁት አልኩህ እኮ፣ ሙንዚር።»

አልሳቀም። ትሪውን ከጭኗ አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠና ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ፤ ሐጅ ዙህዲ ፊት የተቀመጠውን ያህል በክብር ተቀመጠ።

«እንግዲያው ከግድግዳው ጀምሪ» አላት። «ቀለሙ ምን ነበር?»