የአጥቂው አበልጅ

እስኪ ንገሩኝ፤ የእግር ኳስ ደጋፊን የሚያህል ሞኝ የት ይገኛል? እኔ ግን አውቃለሁ፤ ደብረ ማርቆስ፣ ከቤቴ አጠገብ ይኖራል። ይበልጣል ይባላል።

አጥቂያችን ናትናኤል ጎል ባገባ ቁጥር የማሊያውን አርማ እየሳመ «እዚሁ እሞታለሁ!» ሲል ይበልጣል አመነው። ማመን ብቻ መሰላችሁ? ወንድ ልጅ ሲወለድለት ስሙን ናትናኤል አለው፤ የክርስትና አባት እንዲሆነውም እሱኑ አጥቂውን ለመነ። የክርስትናውን ጠላ እኔም ጠጥቻለሁ፤ አልክድም።

በዓመቱ ናትናኤል ሳይሞት ወደ ሌላ ክለብ ሄደ።

ባለፈው እሑድ ከአዲሱ ክለቡ ጋር መጥቶ ሁለት ጎል አገባብን። የአዲሱን ማሊያ አርማም ሳመ። ይበልጣል ድምፁ እስኪዘጋ «ከሃዲ!» እያለ ሲሰድበው ዋለ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን እኔን እየጎተተ ሄዶ የእንግዶቹ አውቶቡስ በር ላይ ተገተረ።

«አበልጄ!» አለው ናትናኤል ፈገግ ብሎ፤ «ልጁ ደህና ነው? ማን ነበር ስሙ?»

የገዛ ስሙን እኮ ነው!

እኔ በንዴት ስንጨረጨር፣ ይበልጣል እንባ ባቀረረ ዓይኑ እያየኝ ክንዴን ጨበጠ።

«አየህ?» አለኝ፤ «ልጅ እንዳለኝ አልረሳም!»