መቃን ተሳላሚው ወዳጄ

ጥንታዊ ገዳም ሊሳለም ሲነሣ ከነጠላው በፊት የስልኩ ባትሪ የሚያሳስበው ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እንግዲያው አንድ ቀን ከእኔ ወዳጅ ጋር ከደብረ ማርቆስ ወጣ በሉ።

በዐቢይ ጾም ከከተማው ራቅ ወዳለ አንድ የቆየ ገዳም አብረን ሄድን። ጫማውን አወለቀ፣ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መቃን ተሳለመ። ፎቶውን አየና «ነጠላዬ ተጣሟል» ብሎ ደገመ። ቀጥሎ ፀሐዩ አስቸገረው፤ ከዚያ ደግሞ ዓይኑ ተገልጦ ተገኘ። ለመሆኑ ዓይን ገልጦ መሳለምን የከለከለ የትኛው ቀኖና ነው? እንጃ። ብቻ ያንን መቃን የጥንት ነገሥታትም እንዲህ ደጋግመው የተሳለሙት አይመስለኝም።

ከኋላው አንዲት እናት ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። እኔ ፈንጠር ብዬ ስለቆምኩ ስልኩን ልብ አላሉትም። ግንባሩን ከመቃኑ እየደጋገመ ሲያስነካ አይተው እንባቸው መጣ።

«ልጄ፣ ስመ ክርስትናህ ማነው?» አሉት።

«ገብረ ሥላሴ። ምነው እማማ?»

«እኔስ ልጄ ታማብኝ ነው የመጣሁ። ያንተ ግን ይብሳል መሰለኝ፤ አስቀድሜ አንተን በጸሎት ላስብህ።»

ወድቀው ሰገዱ። የእሱን ስም አስቀድመው፣ የልጃቸውን አስከትለው ለመኑ። መቃኑን አንዴ ብቻ ተሳልመው ሄዱ።

ወዳጄ በዓይኑ ሸኛቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ይኼን ቀረጽከው?» አለኝ።

ሴትዮዋ አልተሳሳቱም፤ እውነትም የእሱ ይብሳል።